የአባባ ሬዲዮ ድንጋዮች

ልጄ የሪሞቱን ባትሪ ሲቀይር የሰማሁት ጠቅታ በጃንሆይ ጊዜ ወደነበረው የነቀምት ቤታችን መለሰኝ።

የደከሙትን የሬዲዮ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አሙቃ የምትመልሳቸው ተማሪዋ እህቴ ጫልቱ ብቻ ነበረች።

«አትንኪ! ትምህርት ቤት ያልገባሽ፣ ፕላስና ማይነስ የት ታውቂያለሽ?» ትለኛለች።

እቀናባታለሁ። ግን እጇን አያለሁ፤ አንዱን ድንጋይ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች አድርጋ ታስገባለች።

አንድ ቀን ጫልቱ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ አባባ መዝሙር መስማት አማረው። ድንጋዮቹን ከፀሐይ አንስቼ እንደሷ ገጠምኳቸው። ሬዲዮው ዘመረ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይንሽ ቀድሞሽ ተምሯል» አለኝ አባባ። ያኔ አልገባኝም።

ሰኞ ጠዋት አባባ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ጫልቱ መንገዱን ሙሉ አኩርፋ ከኋላችን መጣች። ለዚያች ጠዋት ዛሬም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።