የአባታቸው ቋጠሮ

በዚያ የምርጫ ዓመት ሶዶ ውስጥ ሰላምታ እንኳ ፓርቲ እየታየ ነበር የሚሰጠው። አባቴ የተቃዋሚ ደጋፊ ነው፤ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የገዥው ፓርቲ ሰው ነበሩ። በምርጫው ማግስት «ድምፅ ሰረቃችሁ»፣ «አገር ልታፈርሱ ነው» ተባብለው ተኮራረፉ። እኔን የሚያናድደኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ለሥልጣን የሚናጩት ሰዎች የሁለቱንም ስም አለማወቃቸው ነበር።

እናቴን ያስጨነቃት ግን ጊፋታ ነው። በእኛ በወላይታ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት አይሻገርም። ሽማግሌ ቢላክም ሁለቱም አሻፈረን አሉ። «ዘንድሮ እንዲህ ካለፉ ልጆቻቸውም ተቆራርጠው መቅረታቸው ነው» እያለች ታለቅስ ነበር።

የጊፋታው ቅርጫ ግን አልቀረም። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት በሬ የመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ ተኮራርፎም ቢሆን አብሮ አረደ። ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ተመደበ። የቀረው ዕጣ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፣ ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥላል። ግን ማን ይጣል? በድምፅ ያልተማመነ ሰፈር በዕጣ እንዴት ይተማመን! አንዱ ሲጠራ ሌላው «እሱማ አይሆንም» ይላል። ፀሐዩ ከረረ፣ ዝንቡም መጣ። በመጨረሻ የሰፈራችንን ስልጤ ባለሱቅ ጠሩት። ሙስሊም ስለሆነ ከሥጋው አይቀምስም፤ ማንን እንደመረጠም ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«የማልበላውን ላድላችሁ?» ብሎ ሳቀና ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጣለ፤ የጠርሙስ ክዳን፣ ቁልፍ፣ የቡና ቅጠል። ሁለት መደቦች ላይ ግን አንድ ዓይነት የቃጫ ቋጠሮ አረፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

አባቴና ወንድሙ እኩል ብድግ አሉ።

የአያቴ የቅርጫ ምልክት ያ ቋጠሮ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ አጎቴ እየቋጠሩ ለሁለቱም በአንድ ዕጣ ያወጡ ነበር፤ ሥጋውን ቤት ገብተው ይካፈሉታል። ዘንድሮ ለየብቻ ሲገቡ ሁለቱም ሌላ ምልክት መያዝ አልሆነላቸውም። ስለማይነጋገሩም አንዱ የሌላውን አላወቀም።

ባለሱቁ ግራ ገብቶት አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። አባቴ አቀረቀረና «ጋሼ ታላቅ ነው፤ እሱ ይምረጥ» አለ። ስለ ወንድሙ ክፉ ያልሆነ ቃል ከአፉ ሲወጣ ከምርጫው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ምኑን እመርጠዋለሁ?» አሉ አጎቴ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ሁለቱንም አንተ ቤት አስገባው።»

ያን ቀን የእናቴን ቆጮ በሥጋ እየበሉ ስለ ምርጫው ተጨቃጨቁ። አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም፤ ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ጎረቤት ሊገላግል ሲሮጥ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ተዋቸው፣ ይጩኹ! እየተነጋገሩ እኮ ነው» ብላ መለሰችው።