ረሻድ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ያወራበት ቀን

ነስሪን የባሏ ወሬ የሚሰለቻት ጊዜ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለችው የሶፋ መሥሪያቸው ረሻድ ስፖንጅ እየቆረጠ፣ ሚስማር እየመታ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲያወራ ይውላል፤ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል የሶፋውን ልብስ ትሰፋለች። "እስቲ አፍህን ትንሽ አሳርፈው" ትለው ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ቃል ይጠፋው ጀመር። "ያንን... ያንን አቀብዪኝ" እያለ ጣቱን ወደ መዶሻው ይቀስራል። አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛ ፊት ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ሆስፒታል ሲመረመር ንግግር ከሚመራው የአንጎሉ ክፍል አጠገብ ዕጢ ተገኘ።

ሐኪሙ ዶክተር ዓባይነህ ነገሩን አልሸፋፈነም። "ንግግርዎን እንዳንነካ፣ ነቅተው እያወሩን ነው የምንሠራው። ቆዳውን እናደነዝዘዋለን፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም" አለው። ቀጥሎም፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተማሪዎችም ሕዝቡም እንዲያየው በኢንተርኔት በቀጥታ ብናስተላልፈው ይፈቅዳሉ? እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም። ፊትዎንም እንሸፍናለን።"

"ፊቴንም አትሸፍኑት" አለ ረሻድ።

ነስሪን ደሟ ፈላ። "ሠርግ መሰለህ እንዴ? ጭንቅላትህ ተከፍቶ አገር ሊያይህ?" ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ አብረው ሲያጥፉ ረሻድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

"አባቴንም ይጥለው ነበር። ጂን ነው ብለን ጓዳ ደበቅነው። ሰው እንዳያየው በር የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እዚያው ሞተ። ቢታከም ይድን ነበር? አናውቅም። የኔን ይዩት፣ ነስሪን። በሽታ መሆኑን ይዩ።"

በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ይህን ነግሯት አያውቅም። ጨርቁን አስቀምጣ እጁን ያዘችው።

ቀኑ ሲደርስ ሆስፒታሉ መቆያ ክፍል ውስጥ ስልኳን ዘግታ ተቀመጠች። ላታይ ምላለች። ጎረቤቷ እማማ ወለተሰንበት ልደታ ማርያም አስቀድሰው በዚያው መጡና አጠገቧ አረፍ አሉ።

"የማያውቀው ሰው ሁሉ እያየው አንቺ ብቻ ልትቀሪ ነው? ክፈቺው ልጄ" አሏት።

ከፈተችው። ከተጋረደው ሰማያዊ ጨርቅ ወዲህ የረሻድ ፊት፣ ወዲያ የሐኪሞቹ ጓንት ያጠለቁ እጆች ይታያሉ። ነስሪን የእጆቹን በኩል በአውራ ጣቷ ሸፍና ፊቱን ብቻ አየች።

ነርሷ ሥዕል ታሳየዋለች። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ዶሮ።"

"ይሄስ?"

"ወንበር። ግን እግሩ አልጸናም፤ የሠራውን ሰው አሳዩኝ።" ሐኪሞቹ ሳቁ።

"ይሄስ?"

መቀስ ነበር። ረሻድ ዝም አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ነስሪን ስልኩ ላይ አጎንብሳ፣ "መቀስ ነው፤ መቀስ በል፣ የኔ ጌታ" አለች።

"ይሄን ስንነካው ቃል ጠፋው፤ እዚህ ጋ አንነካም" የሚል የዶክተር ዓባይነህ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ረሻድ፣ "መቀስ" አለ። "ባለቤቴ እንዳልነካባት የምትደብቀው።"

"በሉ እንግዲህ የፈለጉትን ያውሩ፤ ዝም እንዳይሉብኝ ብቻ" አለው ዶክተሩ።

ረሻድ ለወሬ መቼ ሰንፎ ያውቃል! "ደንበኛ የሚያመሰግነው እኔን ነው" ብሎ ጀመረ። "እንጨቱን አጣምሜ ብሠራው እንኳ የነስሪን ስፌት ያስተካክለዋል። ሶፋውን ሶፋ የምታደርገው እሷ ነች። ይህን ነግሬያት አላውቅም።"

ስንት ሺህ ሰው ሰማው። ነስሪን በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እማማ ወለተሰንበት እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ጉድ ነው! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!" አሉ።

ዕጢው ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ለመንካት የምታሰጋ ትንሽ ክፍል ቀርታለች፤ በየስድስት ወሩ ይመረመራል። ሲደክመው ቃል ይዘገይበታል። ነስሪን ቃሉን አታቀብለውም፤ ራሱ እስኪያገኘው ሥራዋን አቁማ ትጠብቀዋለች።

በቅርቡ ኩማ የሚባል የአብነት ሰፈር ሰው፣ ስርጭቱን አይቼ ነው ብሎ የሚጥላትን እህቱን ይዞ መጣ። ረሻድ መዶሻውን ጥሎ ሁለቱንም ታክሲ አሳፍሮ ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ከሰዓት በኋላ ሶፋው ለዚያ ቀን የተቀጠረለት ደንበኛ መኪና ይዞ መጥቶ ረሻድን ቢያጣው ተቆጣ።

"የሶፋው እግር ገና አልተገጠመም፤ ነገ ይምጡ" አለችው ነስሪን። "ባለቤቴ በሽተኛ ይዞ ሄዷል።"