የጭምቷ አሜን

ጭምቷ ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድባታል። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ጀርባ ቆማ አንሶላና ሸሚዝ ትተኩሳለች። ፀጉሯን ሽበት ጀምሮታል፤ ፍርሃቷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረጀም። ሊፍት ትፈራለች። ስልክ ሲጠራ ትፈራለች። አለቃዋ "ደህና ዋልሽ?" ሲላት ምን አጥፍቼ ይሆን ብላ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትመረምር ትውላለች።

"አንቺ እኮ ሸሚዙን ሳትተኩሺው በፊት ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ" ትላታለች አብራት የምትሠራው አጣቢ። "አንድ ቀን 'አቃጠልኩህ እንዴ?' ስትዪው መስማቴ አይቀርም።"

ጭምቷ ትስቃለች። መሳቅ መልስ ከመስጠት ይቀላታል። ያደገችው አባቷ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ዕቃ በሚሰበርበት ቤት ነው። እዚያ ቤት ከእህቶቿና ከወንድሞቿ ሁሉ ዱላ ያልቀመሰችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ምክንያቱም የተባለችውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ትቀበል ነበር።

የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ የሰፈሩን የጸሎት ኅብረት እንድትመራ ሊሾማት ጠራት። እምቢ ልትል አሰበች። እምቢ ማለት ግን ድፍረት ይፈልጋል፤ ድፍረት ስላልነበራት ተሾመች።

ኅብረቱ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰበው በአንዲት አባል፣ በልብስ ሰፊዋ ቤት ነበር፤ ጨርቁን ከወንበር ላይ አንስተው፣ የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርገው። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ያወጣው መጋቢው ነው። ማንም "ጌታ እንዲህ አለኝ" ብሎ ለሌላው ቢናገር፣ መሪዋ አሜን እስክትል ድረስ ቃሉ አይያዝም። ዝም ካለች ይቆያል፤ ይመዘናል፤ ለሽማግሌዎች ይነገራል። ጭምቷ ይህን ደንብ እንደ ስብሰባ መዝጊያ ነበር የምታየው። ሁሉም ይናገራል፤ እሷ አሜን ትላለች፤ ወደ ቤት ይገባል።

በኅብረቱ ውስጥ አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፤ ሲዘምር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። የታመመ ካለ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ለቅሶ ቤት ወንበር የሚሸከመው እሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነች፤ ያለ መርፌ ውላ አታውቅም። አንድ ሐሙስ ቀለም ቀቢው እጁን በራሷ ላይ ጫነና እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ፣ "ተፈውሰሻል፤ መርፌውን ተዪው ይልሻል ጌታ" አለ። ከዚያ ወደ ጭምቷ ዞረ።

"መሪያችን?"

ሁሉም አዩዋት። "ይቆይ፣ እንመዝነው" የሚለው ቃል እስከ ጉሮሮዋ መጥቶ ነበር። ግን ያ ድምፅ፣ ያ እንባ፣ ያ ሁሉ ዓይን። ደግሞስ እውነት ከጌታ ቢሆንና እሷ ብትከለክል?

"አሜን" አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

"አሜን" አለ ቤቱ ሁሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ማታ ስትተኛ ራሷን አጽናናች፤ ልብስ ሰፊዋ ሕፃን አይደለችም፣ እናቷም አለች፣ መርፌዋን በእርግጥ አትተውም።

የፈሩት ይደርሳል። በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ከሰዓት በፊት፣ የልብስ ሰፊዋ እናት የሆቴሉን ጥበቃ አልፈው ምድር ቤት ድረስ መጡ። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ በእንፋሎቱ መሃል ቆሙ።

"መሪ የሚሏት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ልጄ መርፌዋን ትታለች። ውሃ ትጠጣለች፣ ታስመልሳለች፣ እንደ ሮጠ ሰው ትተነፍሳለች። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ስላት፣ 'መሪያችን አሜን ብላለች፤ አሁን ብወጋ እምነቴን መካድ ነው' ትለኛለች። ያ ሰውዬ ብቻውን ቢለፈልፍ አትሰማውም ነበር። ልጄን አልጋ ላይ ያስተኛት ያንቺ አሜን ነው።"

ካውያው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። አጣቢዋ ዘላ ተቀበለቻትና ሶኬቱን ነቀለች።

"ሂጂ" አለቻት፤ ዛሬ ቀልድ የለም። "አለቃውን እኔ አናግረዋለሁ።"

ጭምቷ አሮጊቷን ታክሲ ላይ አሳፍራ ቀድመው እንዲሄዱ አደረገች፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ገባች። ያሰበችው ግልጽ ነው። ሸክሙን ለመጋቢው ልታስረክብ ነው። መጋቢው አዳራሹ ውስጥ የተሰበረ አግዳሚ እየመታ ነበር። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችው።

"እርስዎ ይንገሯት፣ መጋቢ። እርስዎን ትሰማለች።"

መዶሻውን አስቀመጠ። ፊቱ ገርጥቷል። "እኔ ብነግራት መጋቢው እምነት አጥቶ ነው ትላለች። ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትፈቺውም አንቺ ነሽ።"

"እፈራለሁ።"

"ፍሪ። እየፈራሽ ሂጂ። ቆመን የምናወራበት ጊዜ የለንም፤ እኔ መኪና ፈልጌ ከኋላሽ እደርሳለሁ።"

የሮጠችበትን መንገድ አታስታውሰውም። እግሮቿ የሌላ ሰው እግሮች ይመስሉ ነበር። ሁለት ፍርሃት ግራና ቀኝ ይዟታል፦ ልጅቷ ሞታ ብደርስስ? ደግሞ የጌታን ቃል ልሽር የምሄድ ብሆንስ? ጌታ ሆይ፣ ካጠፋሁ እኔን ቅጣኝ፣ እሷን ተዋት፣ እያለች ነበር የምትሮጠው።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትደርስ ቀለም ቀቢው ቀድሟታል፤ እናትየው በር ላይ ቆመዋል። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እየዘመረ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፤ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል።

"መጣሽ" አለች በደካማ ድምፅ። "በእምነቴ እንድጸና ጸልዪልኝ።"

ጭምቷ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች፤ ካልያዘች ትወድቃለች። "መርፌሽን ትወስጃለሽ። አሁን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

መዝሙሩ ቆመ። ቀለም ቀቢው ተነሣ፤ ክፍሉ ጠበበ። "እህቴ፣ ምን ማለትሽ ነው? ጌታ ተናግሯል። አንቺም አትመሻል።"

"አሜን ያልኩት ጌታን ሰምቼ አይደለም። እርስዎን ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።"

"ፈተና እኮ ነው ይሄ! ልትወድቂ ነው? እሷንስ ልትጥያት ነው?" ድምፁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ጭምቷ ዕቃ የሚሰበር መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ምንም አልተሰበረም። የሚሰማው የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ጋሼ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ይህን ኅብረት እንድመራ እጅ ተጭኖብኛል። አይገባኝም ይሆናል፤ ግን ተጭኖብኛል። በዚያ ሥልጣን ነው የምናገረው፤ ዝም ይበሉ።" ከዚያ ወደ አልጋው ጎነበሰች። "ያን አሜን አንስቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በጌታ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺ አልካድሽም። ተነሺ።"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። ለመነሣት ግን አቅም አልነበራትም።

መጋቢው ያመጣው መኪና ጥሩምባ ከውጭ ተሰማ። ጭምቷ ወደ ቀለም ቀቢው ዞረች፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚሸከም ሰው አልነበረም። "ይያዟት።"

ቀለም ቀቢው ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አነሣትና ይዟት ወጣ።

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እናትየው ከውስጥ ናቸው። ቆይቶ ሐኪሟ ብቅ አለች። "ትድናለች ብለን እናስባለን። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ…" ብላ ሳትጨርሰው ተመለሰች።

ቀለም ቀቢው የቀለም ነጠብጣብ ያለበትን እጁን እያየ፣ "መጋቢ፣ አሁን እኔ ምን ላድርግ?" አለ።

መጋቢው ጭምቷን አያት።

"ይዘምሩ፣ ጋሼ። ይጸልዩ" አለች ቀስ ብላ። "'ጌታ እንዲህ ይላል' ግን አይበሉ፣ እስክንነግርዎ ድረስ። እኔም ሽማግሌዎቹ ፊት እቀርባለሁ። መሪነቱን ተዪ ካሉኝ እተዋለሁ፤ ያዢው ካሉኝም እይዛለሁ።"

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ለቁጣው እንደ ልማዷ ትከሻዋን ሰብስባለታለች።

"እሺ፣ እህቴ" አለ። ያ ሁሉ ትከሻ ወደ ፊት ጎበጠ።

ጭምቷ በዚያች ደቂቃ የፈራችውን ያህል ፈርታ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። አሁን ግን በእሷው ዝቅ ያለ ቃል አንዷ ከሞት አልጋ ተነሥታ አንዱ ጎበጠ።

በሩ ተከፈተና እናትየው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይ ግቢ፤ ትጠራሻለች። ሐኪሟ ውሃ ጠጪ ብትላት 'መሪያችን ትምጣ' ትላለች። እንግዲህ ልጄ እንድትውጥም እንድትተነፍስም አንቺ ልትፈቅጂላት ነው።"

ጭምቷ ተነሣች። እጀታውን ይዛ ቆመች። "ጌታ ሆይ፣ አሁን ደግሞ ምን ልበላት?" አለችና ገባች።