ይታያልና የተቀበረው ማረሻ

ይታያል መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሦስት ጊዜ ካልወጣና ካልገባ ያዘነ አይመስለውም። ስድስት ዓመት ቤንሻንጉል ወርቅ ሲያሳድድ ከርሞ፣ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ወዳለው ቀዬው ይዞት የተመለሰው ሀብት አንድ የብረት መፈለጊያ ማሽን ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ማሽኑን የተሸከመው ለታላቅ እህቱ ለፍቅርአዲስ ነበር። ጎረቤቷ አማረ፣ «ሟች ባልሽ ድንበሬን ገፍቶ አርሷል» ብሎ ሽማግሌ ፊት አቁሟታል። እሷ ደግሞ «ባሌ ሌባ አልነበረም!» ብላ ታለቅሳለች። ከዚያች ቁራጭ መሬት የሚገኘው ጤፍ ነው ልጆቿን እስከ ሐምሌ የሚያደርስላት። የሁለቱ ቤት አባቶች ድንበር ሲተክሉ ከምልክት ድንጋዩ ሥር ስባሪ ማረሻ ቀብረው ነበር፤ ድንጋዩ ዛሬ የለም። ሽማግሌዎቹም «ማረሻው የተገኘበት ድንበር ይሁን» ብለው ፈረዱ።

«ወንድሟ አይደል? እንዴት ይታመናል?» ያሉ ነበሩ። አማረ ግን «ይማልልኝ፣ ይበቃኛል» አለ። ይታያል ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑትን የቄስ ገዳሙን መስቀል ይዞ ማለ።

አስቸጋሪው አፈሩ ነበር። የእኛ ቀይ አፈር ራሱ ብረት አለበት፤ ማሽኑ ገና መሬት ሲጠጋ ይንጫጫል። መጀመሪያ ብረት ያልተቀበረበት ንጹሕ ቦታ ላይ ከማሽኑ ጫፍ ያለውን ክብ ሳህን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ቁልፉን እየነኩ የአፈሩን ጩኸት ማጥፋት ያስፈልጋል። ከልክ ካለፈ ደግሞ ማሽኑ ለተቀበረው ብረትም ዝም ይላል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ይታያል ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል አልነበረም። ተጣድፎ ጀመረና ሦስት ቦታ አስቆፈረ፤ ከአፈር በቀር የተገኘ ነገር የለም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ቄስ ገዳሙ።

አፍሮ እንደገና አስተካከለው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከአማረ ማሳ ተነሣ። ዝም። አሁን የሚታረሰውን ድንበር አለፈ። ዝም። እህቱ ማሳ ውስጥ አምስት እርምጃ እንደገባ ቀጭን ድምፅ ጆሮውን ወጋው። አፈር እንዲህ አይጮኽም።

ቀና ሲል ፍቅርአዲስ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ታየዋለች። ድምፁን ከእሱ በቀር የሰማ የለም።

«አፈሩ ተለወጠ፣ ላስተካክለው» አለ ጮክ ብሎ። ቁልፉን አንዴ ነካ፤ ድምፁ ሳሳ። ደገመው፤ ጠፋ። እግሩ ወደ ፊት ሊራመድ ቸኮለ።

«አይዞህ ወንድምዓለም፣ ቀስ በል» አለው አማረ ከወዲያ። «እኛ አምነንሃል።»

ምነው በሰደበኝ! አለ ይታያል በልቡ። ተናደደ፤ በአማረ፣ በሟቹ፣ ከሁሉም በላይ በራሱ። ቁልፉን ወደ ነበረበት መለሰና የማዳመጫውን ገመድ ነቀለው። ማሽኑ ለሰው ሁሉ ጮኸ።

ዶማውን ያነሣችው ራሷ ፍቅርአዲስ ናት። ማንንም አላስጠጋችም። ክንድ ያህል እንደቆፈረች ዝገት የበላው ማረሻ ብቅ አለ። አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና አማረ እግር ሥር አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ልጆቹን ማን ያበላልኛል?» አለችው።

«እኔ» አላት።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የፈራው።