አስመሳይቱ ጥሩወርቅ

የጋፋቷ ጥሩወርቅ ከባሏ የተፋታችው በአማቷ ሳል የተነሣ ነው። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ሴቶቹን ላስቅ ብላ የሽማግሌውን አሳሳል፣ “በቃኝ” እያሉ ዋንጫቸውን ወደ ቀጂዋ የሚያስጠጉበትን ሁኔታ አስመስላ ስትጫወት፣ ሰውየው ለካ ከኋላዋ ቆመዋል። በማግስቱ ጓዟን ተሸክማ ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ሞላ ቤት ተመለሰች።

ወሬው ግን ቀድሟት ነበርና ባለሰርጉ ሁሉ ይጠራት ጀመር። ዳኛውን፣ ጭቃ ሹሙን፣ ምራቷን የምትጠላ አማት ስትሆንለት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ምግብ ሲቀርብ ደግሞ በር ሥር ያስቀምጣታል። “አስመሳይቱ” ይሏታል። ቃሉ ለሰዳቢም ላድናቂም ይመቻል።

“በዘራችን አዝማሪ እንኳ የለም” አላት ሞላ። “ወይ ተዪው፣ ወይ ባባታችን ስም አትጠሪ።”

“ወንድምዓለም፣ ስሙን ውሰደው” አለችው። “ለእኔ ጥሩወርቅ መባሉ ይበቃኛል።”

ደብረ ታቦር ወጥታ ጎጆ ተከራየች። በየድግሱ እየተጫወተች ሃያ ዓመት ኖረች። አንድ ቀን በአንድ ሰርግ ላይ ከክብር እንግዶቹ መደብ መሐል ሄዳ ቁጭ አለችና፣ “ከዚህ የሚያስነሣኝ ካለ፣ ዛሬ የምጫወተው እሱን ነው” አለች። ያስነሣት የለም። ከዚያ ወዲህ በር ሥር ተቀምጣ አታውቅም።

ጣሊያን ሲገባ ሰርጉም ድግሱም ጠፋ። እሷም ጨዋታዋን ይዛ ሐሙሲት ገበያ ወረደች። በገበያው የገበሬውን ጠመንጃ የሚያስገፍፍ አንድ ጣሊያን ሹም ነበር። ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል፤ በየሦስት እርምጃው ግን አርበኞቹ ወዳሉበት ተራራ ይገላመጣል። ሁሉም ያያል፣ የሚናገር የለም። ጥሩወርቅ ጨው ተራ መሐል ገብታ ያንኑ አረማመድ ተራመደች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ ወዲያው ባንዶች አንጠልጥለው ሹሙ ፊት አቆሟት።

“እኔም ልሳቅ፣ አሳዪኝ ብለዋል ጌታው” አላት አስተርጓሚው ጮክ ብሎ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እናቴ፣ ሰካራም ይምሰሉ። ነፍስዎን ያትርፉ።”

ሰካራም መምሰል ቀላል ነው። ግን ዳኛ ፊት ዳኛውን፣ ሹም ፊት ሹሙን ስትጫወት የኖረች ሴት፣ ዛሬ ለዚህ ሰው ብላ ሰካራም ትሁን? ደረቷን ነፋች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ድንገት ክው ብላ ወደ ተራራው ተገላመጠች። ድንጋጤዋ እውነት ከመምሰሉ የተነሣ ሹሙ ራሱ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰዶ ወደ ኋላው ዞረ። ምንም የለም። ወታደሮቹ ሳቃቸውን ሊውጡት ቢታገሉም አመለጣቸው።

ሠላሳ ጅራፍ አዘዘባት።

ሰው ተሸክሞ ከጎጆዋ አደረሳት። በሦስተኛው ቀን ሞላ ለጀርባዋ የሚሆን ለጋ ቅቤ ይዞ መጣ። እያለቀሰ ቀባት።

“አሁንስ ትተዪዋለሽ?”

“መጀመሪያ ልነሣ እንጂ!” አለችው፣ በሆዷ እንደተኛች።

ቁስሏ ጠገግ እንዳለ ሐሙሲት ወረደች። ሹሙ ቆሞ እያያት ጨው ተራ ገባች፤ ሦስት እርምጃ ተራመደችና ቀጥ ብላ ቆመች። እሷ አልዞረችም። ገበያተኛው ሁሉ በእሷ ፈንታ ወደ ተራራው ተገላመጠ። ሹሙ ማንን ይግረፍ? ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከገበያው ወጣ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የደብረ ታቦር መምህራን ቴአትር አዘጋጁ። “ሴት መድረክ ላይ አትወጣም” ብለው የእናትየዋን ቦታ ጢሙን ለተላጨ መምህር ሰጡት። ጥሩወርቅ ልምምዱን ቆማ ተመለከተች፤ ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥታ መምህሩ የተከናነበውን ነጠላ ከራሱ ላይ ገፈፈችው።

“ልጄ፣ አንተ አባትየውን ሁን” አለችው። “እናትማ ይኸው መጣች።”

እስከ ሰባ ዓመቷ ድረስ ከመድረክ ያወረዳት አልተገኘም።