መጨረሻውን አልነገርኳትም

ክፍሉ ከጠበቅኩት በላይ ንጹሕ ነበር። ግድግዳው ፈዛዛ ቢጫ ተቀብቷል፤ በአንድ በኩል የሲሚንቶ አግዳሚ፣ በሌላው በኩል ከለላ የሌለው መጸዳጃ። ውጭ የዳላስ የነሐሴ ሙቀት አስፋልቱን ያለሰልሳል፤ ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው እንደ ሥጋ መጋዘን ነበር። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ።

የታሰርኩት በመጽሐፍ ምክንያት ነው። እንዲህ ስል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋልና እንደሆነው ልናገር። የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ቦርድ የላቲኖ፣ ማለትም ዘራቸው ከሜክሲኮና ከሌላው ላቲን አሜሪካ የሆነ፣ ደራስያን መጻሕፍት የተደረደሩበትን አንድ መደርደሪያ ከቤተ መጻሕፍቱ ለማንሣት ስብሰባ ጠርቶ ነበር። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል እዚህ የተወለዱ የሐበሻ ልጆችን ሰብስቤ እነዚያን መጻሕፍት አስነብባለሁ። አንዳንድ አባቶች «የራሳችን መጽሐፍ አለቀ ወይ?» ይሉኛል። አላለቀም። ልጆቹ ግን በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ አብረዋቸው የሚቀመጡት የላቲኖ ልጆች ናቸው።

የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ሕዝቡ የሚናገርበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ፊት ተሰለፍን። ዞር ስል ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ቆመዋል። በእንግሊዝኛ «ይቅደሙ» አልኳቸው። ቀጥለው አንዲት አሮጊት መጡ፤ እሳቸውንም አሳለፍኩ። እንዲህ እያልኩ አምስት ትልልቅ ሰዎች አስቀደምኩ። አምስቱም መደርደሪያው ይነሣ ብለው ተናገሩ። የኔ ተራ ሲደርስ ጊዜው አለቀ ተባለ፤ ማይክሮፎኑም ተዘጋ።

ሰብሳቢው ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ፖሊሱ ውጪ አለኝ። አልወጣሁም። ድፍረት አልነበረም፤ የወረቀቴን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሳላነብ እግሬ አልሄድ አለኝ እንጂ። ፖሊሱ እጄን ወደ ኋላ ሲያስር «ይቅርታ» አልኩት።

እስር ቤት ስደርስ ቁልፌን፣ ስልኬንና ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን መጽሐፍ ተቀበሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ በዕድሜ ገፋ ያለች ናት፤ ሹራቧን ፊቷ ላይ ጥላ ተጋድማለች። ሌላዋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ግራንድ ፕሬሪ በምትባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ያለ መንጃ ፈቃድ ስትነዳ ነው የያዟት። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነበር።

«ነይ ተቀመጪ፣ አልበላሽም» አለችኝ። «ምን አድርገሽ ነው?»

«መጽሐፍ።»

«ሰርቀሽ?»

«አይ። እንዳያነሡት ብዬ። የላቲኖ ደራስያን መጻሕፍት ናቸው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ላቲና ነሽ እንዴ?»

«ኢትዮጵያዊት ነኝ።»

ሳቋ ክፍሉን ሞላው። «እኔ የሜክሲኮ ልጅ በዕድሜዬ አንድ መጽሐፍ አልጨረስኩም፤ አንቺ በኛ መጽሐፍ ታሰርሽ! አያቴ ብትሰማ ሻማ ታበራልሻለች። ግን ምን አገባሽ?»

ይህን ጥያቄ ቦርዱ ቢጠይቀኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። ለእሷ ግን መለስኩላት። ከእናቴ ጋር ዳላስ አጠገብ ያለችው ዋይሊ ከተማ የገባን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ክሊኒክ ስትሄድ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ፤ ሐኪሙ የሚያሳፍር ነገር ሲጠይቃት አሳጥሬ ነበር የምነግራት። በዓለም ላይ ይህን የማደርግ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አንድ መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ ደራሲዋ ላቲና ናት። ውስጡ ያለችው ልጅ እናቷን ክሊኒክ ወስዳ አሳጥራ ታስተረጉማለች።

ልጅቷ መሳቋን ተወች።

«እኔም አሳጥር ነበር» አለች። «እስቲ አንዱን ንገሪኝ። እዚህ ቴሌቪዥን የለ» አለችኝ።

ከቦርሳዬ የወሰዱትን መጽሐፍ መንገር ጀመርኩ። ድንበር ዳር ባለች ከተማ አንዲት ልጅ ከዓይነ ስውር ወንድ አያቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ ሰሜን ሄዶ ይሠራል፤ ደብዳቤ ይልካል፤ እሷ ለአያቷ ታነብላቸዋለች። ከዚያ ደብዳቤው ይቀራል። ልጅቷ አያቷ እንዳያዝኑ ብላ ራሷ እየጻፈች ከአባቴ መጣ ብላ ማንበብ ትጀምራለች። በየደብዳቤው መጀመሪያ ላይ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብላ ትጽፋለች። እውነተኛው አባት ግን አንድም ቀን ስለ ሽማግሌው ጤና ጠይቆ አያውቅም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው እቤት ትቶት ስለሄደው ፍየል ነበር።

ስንት ሰዓት እንደነገርኳት አላውቅም። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ለምሳ የመጣውን ዳቦ በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

«ታዲያ ፍየሉ ምን ሆነ?» አለች የተጋደመችው ሴት፣ ከሹራቧ ሥር። ተኝታለች ብለን ነበር።

«ቆይ ፍየሉን!» አለች ልጅቷ። «ሽማግሌው አውቀዋል ማለት ነው? ካወቁ ለምን ዝም አሉ? ይነግሯታል?»

በሩ ተከፍቶ ጠባቂዋ ስሜን ጠራች።

ልጅቷ እጅጌዬን ያዘች። «መጨረሻውን ሳትነግሪኝ አትወጪም!»

«አልነግርሽም።»

«ክፉ ነሽ!»

«ራስሽ አንብቢው።»

«ከየት አምጥቼ? ሊያነሡት ነው አላልሽም?»

በእጄ የያዝኩትን ዳቦ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ።

«ትወጫለሽ ወይስ አልጋ ላንጥፍልሽ?» አለች ጠባቂዋ።

ወጣሁ። ዕቃዬን ሲመልሱልኝ መጽሐፉን ከልጅቷ ዕቃ ጋር እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። አይቻልም አሉኝ። መቼ ትወጣለች አልኳቸው። ምናልባት ዛሬ፣ ምናልባት ነገ አሉኝ። መቀበያው ክፍል ገብቼ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ስልኬን ሲመልሱልኝ ደውዬላት ስለነበር እናቴ የሆስፒታል የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። «በልተሻል? ነክተውሻል? ነይ፣ መኪናውን ያለቦታው ነው ፓርክ ያደረግኩት።»

«እማዬ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«የምን ሰው?»

«አብራኝ የታሰረች ልጅ። ይህን መጽሐፍ እንድሰጣት።»

ፊቴን አየችው። «ቸርች ስንት ዓመት ሙሉ ከጥግ ወንበር አልነሣ ብለሽ፣ እዚህ ጓደኛ ያዝሽ?»

እሄዳለሁ ብላ ወጣች፤ መኪናዋን አስተካክላ አቁማ ተመለሰች። አጠገቤ ተቀመጠች። ኦኬ፣ አንቺን ያሳሰረውን ነገር አምጪው አለችና መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አነሣች። እናቴ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስታነብ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። አንድ ቦታ ላይ «አይ ልጅቷ!» አለች፤ ምኑ ጋ እንደደረሰች አልጠየቅኳትም።

ልጅቷ የወጣችው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። የጫማዋን ማሰሪያ በእጇ ይዛለች። ስታየኝ ቆመች። «አልሄድሽም?»

«እማዬ፣ ስጫት።»

«ቆይ፣ ይህቺን ገጽ ልጨርስ» አለች እናቴ።

ቆመን ጠበቅናት። ስትጨርስ የገጹን ጫፍ አጠፈች፤ መጽሐፉን በሁለት እጇ አድርጋ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «እኔ እዚህ ደርሻለሁ፤ ስትጨርሺ መልሺልኝ» አለቻት። ልጅቷ እናቴን አየችና እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች።

ክሱ ከወራት በኋላ ተሰረዘ። መደርደሪያው ግን ተነሥቷል። ቀዝቃዛ ቤት ስገባ አሁንም እጄ ሳላዘው ብብቴ ይገባል። ያን ቀን ሳስበው ግን በብዛት ትዝ የሚለኝ የልጅቷ ቁጣ ነው፤ መጨረሻውን ስለከለከልኳት የተቆጣችኝ ቁጣ። የቅዳሜ ልጆቼን አንድ መጽሐፍ አንብቡ ስላቸው የማገኘው ትከሻ መነቅነቅ ነበር። አሁን ግማሹን እነግራቸውና አቆማለሁ። ይሰድቡኛል።

መጽሐፉ የተመለሰው ባለፈው ወር ነው። ልጅቷ መጋዘን ውስጥ አብረዋት ለሚሠሩ አዋሰችው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ተለጥፏል። እናቴ ካቆመችበት ቀጥላለች። አዲስ ልግዛልሽ ብላት አልፈልግም አለችኝ።