እስከ መጨረሻው ያልሰማሁት ድምፅ

ካርቱም ውስጥ የእኛን ሰዎች የስልክ ግሩፕ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጀብራ ሰፈር ስልክ እጠግን ስለነበር "አንተ ታውቅበታለህ" ብለው ጫኑብኝ። ጫኑብኝ እላለሁ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ለማፈስ ከሻ የሚሉትን አሰሳ ሲወጣ፣ ሰልፍ ኖሮ ድልድይ ሲዘጋ፣ ሰው ሲሞት፣ ወሬው የሚያልፈው በዚያ ግሩፕ ነው።

አገር ቤት ጦርነቱ ሲነሳ ግሩፑ ታመሰ። አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ተሰዳደቡ። እኔም ሕግ አወጣሁ፦ ስለ ጦርነቱ ማውራት ክልክል ነው፤ መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፣ ካልሆነ ማስወጣት።

ሕጉ ደህና ነበር፤ ክፉው እኔ ነኝ። ረክሻ፣ የአገር ቤቱን ባጃጅ፣ የሚነዳ አንድ ወዳጄ "ገና ዘራቸው ይጠፋል" ብሎ ሲጽፍ አጠፋሁለትና ደወልኩ። "ተው እንጂ አንተ ሰው፣ አታስቸግረኝ" አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። በሳምንቱ ሲደግመው ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ማታ ማታ አብረን ፉል የምንበላ ሰዎች ነን፣ እንዴት አድርጌ ላስወጣው።

ከዚያ አንዲት እናት ድምፅ ላኩ። አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ያበስላሉ፤ መጻፍ ስለማይሆንላቸው ሁልጊዜ በድምፅ ነው። ልጃቸው ወታደር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። "የድሀ ልጅ የሚማግዱትን የእጃቸውን ይስጣቸው፣ የእናት እንባ አይለፋቸው" እያሉ ያለቅሳሉ። ወዲያው ከታች ጩኸት ተነሳ፤ "እኛን ነው የምትረግመው፣ አስወጣት" ተባለ። ፊተኛው ጯሂ ያው ወዳጄ ነው። ሱቄ በደንበኛ ተጨናንቋል፤ ድምፁን ሳልጨርስ አጠፋሁት፣ እሳቸውንም አስወጣኋቸው። ምክር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። "ሕግ ለሁሉም እኩል ነው" ብዬም ጻፍኩበት። ሰው አመሰገነኝ፣ ምስጋናውም ጣፈጠኝ።

በማግስቱ የሱዳን ጦር መንግሥቱን ገለበጠና ኢንተርኔቱ፣ እዚያ ሸበካ የምንለው፣ ተቋረጠ። በስንት ጊዜው ሲመለስ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው ሱቄ መጡ፣ ስልካቸውንም ዘረጉልኝ።

"የኔ አባት፣ እስቲ እየው። ሸበካው ሲመለስ ግሩፑ ከስልኬ ጠፋ።"

"ምነው እትዬ፣ ማን ሞተብዎት?"

"ልጄ ነዋ። በድምፅ ተናግሬ ነበርኮ። ንዴቴን ተናገርኩ፣ መጨረሻ ላይ ልጄ ሞቷል፣ ቤቴ ለቅሶ ድረሱኝ አልኩ። ሸበካው በላው መሰለኝ፣ ከእኛ ሰው አንድም አልመጣ። ምንጣፍ አንጥፈው አብረውኝ የተቀመጡት ሱዳኖቹ ጎረቤቶቼ ናቸው።" ነጠላቸውን ሰበሰቡና "አልፈርድባቸውም" አሉ። "ቢሰሙ ኖሮ ከእናት ለቅሶ የሚቀር ሰው የለም።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዎ፣ ሸበካው ነው" አልኳቸው፣ ወደ ግሩፑም መለስኳቸው።

"ድምፄስ አለ?"

"የለም እትዬ፣ ጠፍቷል።"

እዚያው ባንኮኒዬን ተደግፈው እንደገና ተናገሩ። እርግማኑን ተዉት። ልጄ ሞቷል፣ ለአርባው እንኳ ድረሱልኝ፣ ይኸው ነው። ጎናቸው ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

የአርባው ቀን ቤቱ ጢም አለ። ወዳጄም መጥቶ ከማዮ ሰፈር ሰው በረክሻው ሲያመላልስ ዋለ፤ እሱን መጥላት እንኳ አቃተኝ። ጥግ ይዤ ንፍሮ ስቆረጥም ሴትዮዋ በሰው መሃል አልፈው መጡ፣ ክንዴንም ይዘው አስነሱኝ።

"ይኼን ልጅ መርቁልኝ" አሉ ለሽማግሌዎቹ። "እሱ ባይኖር ሐዘኔን ማን ይሰማልኝ ነበር?"

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ወዳጄም ከበሩ ሆኖ አሜን ይላል። እኔም አሜን አልኩ።